ከማጥበቅ በፊት መለካት

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። እኔም ነክሼ አይቼዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ የተወልኝ አሮጌ ማውንቴን ሳይክል አለኝ፤ የኋላው ጎማ በሞላና በሾክ አብዞርበር የሚሠራ። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ ኋላው እንደ ፍራሽ ስምጥ ብድግ ይላል። ከድልድዩ ወደ አራት ኪሎ ስወጣ ደግሞ ግማሹን ጉልበቴን ሞላው ይበላዋል። በቃ ላልቷል አልኩና የሞላውን ቀለበት እስከ መጨረሻው አጠበቅኩት። በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ አንዲት ጉድጓድ ስታገኘኝ የኋላ ጎማው ዘለለ፤ ፍሬን ስይዝ መሬት ላይ አልነበረም። ክርኔ ተልጦ ተረፍኩ።

አራዳ ውስጥ ሳይክል የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አይተው ሳቁ። «ተማሪ ነህ አይደል? ለክተኸው ነው ያጠበቅከው?» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና አፈርኩ። የሞላ ቀመር በቃሌ የምወጣ የሜካኒካል ተማሪ ሜትር እንኳ አላወጣሁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን ጠንካራ አያደርገውም፤ መተጣጠፍ የሚጀምርበትን ክብደት ብቻ ከፍ ያደርጋል። ስንቀመጥበት ምንም ካልወረደ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ተከትሎ የሚገባበት ርቀት አይኖረውም። ስለዚህ ሳንቀመጥና ተቀምጠን፣ ጓደኛ ደግፎን፣ ከቡሎን እስከ ቡሎን እንለካለን። ልዩነቱ ሾኩ ከሚታመቅበት ርቀት ሩብ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። የእኔ ሾክ 38 ሚሊ ሜትር ስለሚታመቅ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃዋል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ቴላዮው ላይ ነበር። ሾኩ የሚታሰርበት ሁለት ቀዳዳ አለው። በአንደኛው ጎማው 100 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ በሌላኛው 76። 100ን ለ38 ስናካፍል 2.6 ይሆናል፤ 76ን ስናካፍል 2። የኋላ ጎማው 40 ኪሎ ቢሸከም፣ ሞላው ላይ የሚያርፈው በመጀመሪያው 105 ኪሎ ያህል፣ በሁለተኛው 80 ነው። ሞላው ያው፣ ሸክሙ ያው፤ የተቀየረው ቡሎኑ የገባበት ቀዳዳ ብቻ። ጋሼ ቀለበቱን አላልተው ቡሎኑን አዛወሩልኝ። ዳዶውን ከማጥበቃቸው በፊት ሞላውን አውጥተው፣ ሾኩ እስከ መጨረሻ ሲታመቅ ጎማው ቴላዮውን እንደማይነካ አዩ። ዛሬ አቀበቱ ቀለለኝ፤ ቁልቁለቱም አያስፈራኝም።

እዚህ ላይ «ተርባይንና ሞተር እያለ ሳይክል ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። በእኔ እይታ ግን ችግራችን የቀመር እጥረት ሳይሆን ቀመሩን ከቡሎኑ ጋር አለማገናኘታችን ነው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ፤ ስማቸው እንደ ፒያሳ ሁሉ ከጣሊያንኛ መጥቶ ጋራዥ ውስጥ ቤተኛ ሆኗል። ክፍል ውስጥ ግን እንግዳ ናቸው። አንድ አሮጌ ሳይክል ላብራቶሪ ቢገባ፣ ክብደትና ርቀት ለክተን የሞላውን ጥንካሬ ራሳችን ብናወጣ፣ ወጪው የሚያንገዳግድ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳና አራት ኪሎ የብስክሌት መስመር አግኝተዋል። መስመሩ ሲኖር ሳይክል ይበዛል፤ ሳይክል ሲበዛ አስተካካይ ያስፈልጋል። ያ አስተካካይ ከእኛ መካከል ቢወጣ ምን አለበት? እስከዚያው፣ ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት ሜትር እናንሳ።

ቸር ይግጠመን።