የማናስተምረው ተራራ

ዛሬ ረዘም ያለ ነው፣ ታገሡኝ። ቡና የያዘ ቡናውን ይዞ ያንብብ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአሶሳ በኩል ደወለልኝ። ትምህርቱን አቋርጦ ወርቅ ቁፋሮ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እግሩ ጀሶ ውስጥ ነው። የሚቆፍሩት ጉድጓድ አንዱ ግድግዳ ከዝናብ በኋላ ተንሸራቶ ወደቀባቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ተርፈዋል። «እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላጠ ነው የመጣው ቲቸር» አለኝ። ትንሽ ካወራን በኋላ ደግሞ «እኔ የምለው፣ ወርቁ ለምንድነው ሁልጊዜ ነጩን ድንጋይ ተከትሎ የሚሄደው?» ሲል ጠየቀኝ።

ዝም አልኩ። ይህን ልጅ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬዋለሁ። ስለ ስምጥ ሸለቆ ብትጠይቁት ከነሐይቆቹ ይነግራችኋል። የራስ ዳሽንን ከፍታ በእንቅልፍ ልቡም ያውቃል። እሱ ራሱ ስለሚቆፍረው አለት ግን ያስተማርኩት ሰሌዳ ላይ የጻፍኳትን አንዲት መስመር ነው፦ ፕሪካምብሪያን፣ በጣም ጥንታዊ፣ ብረት ነክ ማዕድናት የሚገኙበት። ለፈተና ሸመደዳት፣ አለፈ፣ አለቀ።

እስቲ ያልነገርኩትን ዛሬ ልንገረው። እናንተም ስሙት።

ከ850 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ዛሬ ምዕራብ ወለጋ፣ አሶሳ፣ አዶላ፣ ትግራይ የምንላቸው ቦታዎች የብስ አልነበሩም። ሞዛምቢክ ውቅያኖስ የሚባል፣ ዛሬ የሌለ ባሕር ነበር። በውስጡ እንደ ጃፓን ያሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ተደርድረው ነበር። የባሕሩ ወለል ወደ ታች እየሰመጠ ሲሄድ ደሴቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተለጠፉ። በመጨረሻም ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ከወዲህና ከወዲያ ያሉት ትልልቅ የብሶች ተጋጩ። ውቅያኖሱ ተዘጋ፣ መሬቱ ተጨማድዶ ተራራ ሆነ። ከግብፅና ከሳዑዲ ዓረቢያ ጀምሮ በእኛ በኩል አድርጎ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ሞዛምቢክን ይዞ እስከ ማዳጋስካር የሚደርስ ተራራ! የደቡቡን ክፍል አርተር ሆምስ በ1951 የሞዛምቢክ ቀበቶ ብሎት ነበር። ዛሬ ከሰሜኑ ጋር አንድ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ኦሮጅን ይባላል። ከሂማላያ ጋር የሚያነጻጽሩት ብዙ ናቸው። (ጣይፍ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ እናንተም እዚያው ተራራ ላይ ናችሁ። ቀይ ባሕር ለሁለት የከፈለው በጣም ቆይቶ ነው። ጥንታዊው የወርቅ ማዕድን ማህድ አድ ዳሃብም በዚያኛው ግማሽ ላይ ነው ያለው።)

የባሕሩ ወለል ሙሉ በሙሉ ሰምጦ አልጠፋም። አዶላና ሞያሌ አካባቢ አረንጓዴ የሚመስለው ጥቁር ድንጋይ በግጭቱ ተቆርጦ የብስ ላይ የቀረ የውቅያኖስ ወለል ነው። በባሕሩ ውስጥ የተጠራቀመው የኖራ ድንጋይም በሙቀት ተለውጦ እምነበረድ ሆኗል። ከቤኒሻንጉል ተጭኖ መጥቶ አዲስ አበባ ሕንፃዎች ላይ የሚለጠፈውን ዓይነት።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚስቱት ይህንን «መለወጥ» የሚባለውን ነገር ነው፤ ድንጋይ ሲቀልጥ ይመስላቸዋል። አይቀልጥም። ጀበናን አስቡ። ጭቃው እሳት ውስጥ ሲገባ አይቀልጥም፣ ግን ሲወጣ ጭቃ አይደለም። ከተራራው ሥር 20ና 30 ኪሎ ሜትር የተቀበረው ድንጋይም እንደዚያው ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ከባድ ጫና አለበት። የባሕር ጭቃ መጀመሪያ ስሌት ይሆናል፣ እንደ ሰሌዳ የሚሰነጠቀው። ሲብስ ሺስት ይሆናል፤ በሚካ የሚያብረቀርቀው፣ ልጆች ብር ነው የሚሉት። 500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀይ የጋርኔት ፍሬዎች ያበቅላል። ከዚያም በላይ ሲሄድ ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉር ያለበት ናይስ ይሆናል። በእኛ አገር በጥቅሉ ትግራይ ያለው ብዙም ያልበሰለው ነው። ነጋሽ አካባቢ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ የበረዶ ዘመን አሻራ ሳይጠፋ የቀረው ለዚህ ነው። ወደ ደቡብ ሲወረድ ግን በደንብ የበሰለው ይበዛል፤ ከጥልቅ የወጣ ነውና።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ድንጋዩ ሲበስል በውስጡ የታሰረውን ውሃ ይለቃል። ያ የጋለ ውሃ ድኝ ይዟል፣ ድኙ ደግሞ ወርቅ አሟሙቶ ይዞ ይጓዛል። በግጭቱ በተሰነጠቀው መንገድ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጫናውም ይቀንሳል። ያኔ ኳርትዙንና ወርቁን አብሮ ይጥላል። ነጩ ድንጋይ ያ ኳርትዝ ነው። ነጭ ድንጋይ ሁሉ ግን ወርቅ የለውም፣ እሱን እናንተ ቆፋሪዎቹ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ተራራው ደግሞ በመቶ ሚሊዮን ለሚቆጠር ዓመት በዝናብና በወንዝ ታጥቦ ሜዳ ሆነ። ወንዝ ዳር በገበቴ የሚታጠበው ወርቅ ከዚያ የተራረፈ ነው። የሰሜን ተራሮች? እነሱ የ30 ሚሊዮን ዓመት ላቫ ናቸው፣ የትናንት ልጆች።

ስለ ግድግዳውም ልጨምር። ሺስት በአንድ አቅጣጫ የተደራረበ ነው፤ ያ መደራረብ ተራራው ሲጨመቅ የመጣ ነው። ንብርብሩ ወደ ጉድጓዱ ያዘነበለበት ጎን ውሃ ሲገባበት ይንሸራተታል። መሐንዲስ አይደለሁም፣ እንዲህ ቆፍሩ አልልም። ግን ንብርብሩ ወዴት እንዳዘነበለ በዓይን ይታያል፤ በዚያ በኩል፣ ያውም ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ ሥሩ አትቀመጡ። ይህን የክፍል ውስጥ ትምህርት ለማድረግ ሁለት ደብተርና አንድ እስክርቢቶ በቂ ነበር። ደብተሮቹን ደራርበህ ጠረጴዛውን ማዘንበል ብቻ! አላደረግኩትም።

መጽሐፉ አጭር ነው፣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል፣ ፈተናው የሚጠይቀው ዘመኑን ነው፤ ሰበቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔም በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ብዙውን በኋላ ነው አንብቤ የገባኝ። ግን ከወርቅ አገሮቻችን በአንዱ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ስምጥ ሸለቆ ላይ ከምታጠፉት ሳምንት ሁለት ቀን ቀንሱና ለዚህ ስጡ። ክፍላችሁ ውስጥ ከተቀመጡት ስንቶቹ ክረምቱን ጉድጓድ ውስጥ እንደሚያሳልፉ እናንተ ታውቃላችሁ።

ልጁ ጀሶው ሲፈታ ሦስት ድንጋይ በሰው እልክልሃለሁ ብሎኛል፤ አንድ ሺስት፣ አንድ ኳርትዝ፣ አንድ ጋርኔት ያለበት። ሌሎቻችሁም አካባቢያችሁ ያለውን ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ስም ባላውቅለትም አብረን እንፈልጋለን።