ላም አለኝ በሰማይ፦ የባዮፊውል ሄክታርና የጅማ ቡና ገለፈት

ነዳጅ በተወደደና ሰልፉ በረዘመ ቁጥር አንድ ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል። «መሬት አለን፣ ፀሐይ አለን፣ ነዳጃችንን ለምን አናበቅልም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ ሄክታር ከመቁጠር ይጀምራል። ሄክታር ግን ነዳጅ አይደለም።

ይህንን አንድ ጊዜ አይተነዋል። በ2000 ዓ.ም. መባቻ የያኔው የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ስትራቴጂ አወጣ። ሰነዱ በሀገሪቱ ለባዮዲዝል ተክል የሚስማማ ከ23 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንዳለ አሰፈረ። ይህ ከኢትዮጵያ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ኦሮሚያ ውስጥ ነው ተባለ። ቁጥሩ የተገኘው የአየር ንብረቱና አፈሩ ለተክሉ ይስማማል ከሚል ስሌት ነበር። መሬቱ ላይ ማን ያርሳል፣ ማን ከብት ያግዳል፣ ምን ይኖርበታል የሚለው ጥያቄ ግን ተከትሎ መጣ።

ውጤቱን እናውቃለን። ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ እርሻ የተሰጠው መሬት በከፊል የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ውስጥ የገባ ሆኖ ተገኘ፤ ሥራውም ብዙ ሳይቆይ ቆመ። ችግሩ የኛ ብቻም አልነበረም። በታንዛኒያ ጃትሮፋ የተከለው የእንግሊዙ ሰን ባዮፊውልስ በ2011 እ.ኤ.አ. ከስሯል። ተክሉ በደረቅ መሬት ላይ ይበቅላል የተባለው እውነት ነው፤ በደረቅ መሬት ላይ ብዙ ዘር ይሰጣል የተባለው ግን እውነት አልነበረም።

በዚያው ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው ምን ነበር? ኢታኖል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኢታኖሉ የመጣው ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ ነው። ማለትም ከተረፈ ምርት። ለእርሱ ተብሎ አዲስ መሬት አልተወሰደም። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጅማ እንምጣ። ከአጋሮ እስከ ጌራ፣ ከማና እስከ ሊሙ ባዶ መሬት የሚባል የለም። ቡናው በጥላ ዛፍ ሥር ነው፤ ከጎኑ በቆሎ፣ ጫት፣ ባሕር ዛፍና የግጦሽ መስክ አለ። እዚህ የነዳጅ ተክል ማስገባት ማለት ከነዚህ አንዱን መንቀል ማለት ነው። በሌላ በኩል በየቡና መፈልፈያው ጓሮ የገለፈት ክምር አለ።

እስቲ እናስላ። 500 ቶን ጀንፈል የሚፈለፍል አንድ መፈልፈያ ግማሽ ያህሉ ማለትም 250 ቶን ገለፈት ይተርፈዋል። አንድ ኪሎ ደረቅ ገለፈት 16 ሜጋጁል ያህል ሙቀት አለው፤ ከማገዶ እንጨት ብዙም አይርቅም። አንድ ሊትር የጃትሮፋ ዘይት 34 ሜጋጁል ያህል ይይዛል። በደረቅ መሬት ከሄክታር 1 ቶን ዘር ቢገኝ 300 ሊትር ገደማ ዘይት ይወጣል። ስለዚህ የዚያ አንድ መፈልፈያ ገለፈት በሙቀት ሲለካ ከ400 ሄክታር ጃትሮፋ ዘይት ጋር ይስተካከላል። ገለፈት መኪና አይነዳም፤ ይህ ልክ ነው። ነገር ግን በዚህች ሀገር ከሚባክነው ጉልበት ትልቁ ድርሻ ያለው መኪና ውስጥ ሳይሆን ምድጃ ሥር ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ግቤ ቁጥር 1 እዚሁ ዞን ውስጥ ሆኖ፣ ብዙው ቤት አሁንም የሚያበስለው በእንጨት ነው።

ገለፈትንም ግን ተአምር አናድርገው። በዓመት 3 ቶን እንጨት የሚያነድ ቤተሰብ ብንወስድ ያ 250 ቶን ከ80 ብዙም ለማይበልጥ ቤት ነው። ገለፈት ቀላልና ቦታ የሚይዝ ስለሆነ ሳይታመቅ ሩቅ ቢጫን ትርፉ ለመኪናው ነዳጅ ያልቃል። አመዱ ፖታስየም ስለሚበዛበት በኃይለኛ እሳት ቀልጦ ምድጃ ላይ ይጋገራል። ከፊሉም ወደ ማሳ መመለስ አለበት፤ አፈሩም ይፈልገዋል። የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ልጣጭና ቆሻሻ ውኃ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በአጨዳ ወራት ወንዝ ከሚበክል ባዮጋዝ ቢሆን ሁለት ችግር ባንድ ላይ ይቃለላል፤ ግን ወቅታዊ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አይገኝም።

ስለዚህ ለውሳኔ ሰጪዎች የምንጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። ማንኛውም የባዮፊውል ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት አራት ጥያቄ ይመለስ።

አንደኛ፦ መሬቱ ላይ ዛሬ ምን አለ፣ ማን ይኖርበታል?
ሁለተኛ፦ የምርቱ መጠን እዚሁ አካባቢ ተተክሎ የተለካ ነው ወይስ ከባለሀብቱ ብሮሹር የተቀዳ?
ሦስተኛ፦ ለማረስ፣ ለማጓጓዝና ለመጭመቅ የወጣው ጉልበት ሲቀነስ ምን ይተርፋል?
አራተኛ፦ ጉልበቱ የማንን ማገዶ ወይም የማንን ነዳጅ ይተካል?

ለጅማ ደግሞ አንድ ተጨማሪ። በአንድ የምርት ዘመን ብቻ የየመፈልፈያውና የየማጠቢያው ተረፈ ምርት ይመዘን፤ ምን ያህሉ ዛሬም አገልግሎት ላይ እንዳለ ይለይ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የመልኮ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ ሚዛንም በየመፈልፈያው አለ። ከሰማይ ላም ወተት ከመጠበቅ በጓሯችን ያለውን መመዘን ይቀድማል።