በእጃችን ያለው ለማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች ሆይ፤ በዘመናችን በእጅ ስልክ ላይ ከሚጫኑት መተግበሪያዎች መካከል እንደ ‹ሱፐርኩክ› ያሉት በቤታችን ምን እንዳለ ይጠይቁናል። ሩዝ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ምስር ብለን ስንመዘግብላቸው፣ ከእነዚያ ሊሠራ የሚችለውን ምግብ ከነአሠራሩ ይዘረዝሩልናል። ያለው ሳያልቅ ሌላ ከመግዛት፣ የተረፈውንም ከመጣል ያድናሉና በጅምላ ልናወግዛቸው አይገባም።

ጥበቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው በሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ላይ፣ ውኃ የሚወደው ሩዝ ከገባ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ቢሆነው ነው። እናቶቻችን ግን ማንም አሠራሩን ሳይዘረዝርላቸው ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩት። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት፤ የእናቶች ምጣድ ግን ከማዕከሉ ቀድሞ ተመራምሯል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ስለ ራሴ ልናገር። በጾመ ነቢያት፣ በአንድ ዕለተ ረቡዕ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጾም ወስኜ ሳለሁ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ በስልኬ የምግብ ሥዕል ሳገላብጥ ዋልሁ። የጾም ምግብ ብቻ እመርጥ ስለ ነበር ሕግ የጣስሁ አልመሰለኝም። አፌ ጾሟል፤ ዓይኔና ልቤ ግን ከማዕድ አልተነሡም። በዚያው ሰዓት ለሩዝ አጨዳ ከሩቅ የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ በአጥራችን ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ስልኬ በጓዳዬ ምን እንዳለ ጠየቀኝ እንጂ በደጄ ማን እንዳለ አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሠርቼ በላሁ። ስወጣ ሰውየው ሄዷል።

ጌታችንም በምድረ በዳ ደቀ መዛሙርቱን ስንት እንጀራ እንዳላቸው ጠይቋቸዋል (ማር. 6፥38)። የተገኘው አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ነበር። ጥያቄው የስልካችንን ይመስላል፤ የተጠየቀው ግን ስለ ተራበው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ምንም እንዳይባክን ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ (ዮሐ. 6፥12-13)። እንግዲህ አለማባከን ክርስቲያናዊ ምግባር ነው፤ ሌላውን ከማብላት ሲለይ ግን ንፍገት ይሆናል። የሰራፕታዋ መበለትም የቀራት ጥቂት ዱቄትና ዘይት ብቻ ሳለ አስቀድማ ለነቢዩ ኤልያስ ጋገረች፤ ማድጋዋም አልጎደለም (1ኛ ነገ. 17)።

ከጥንት ወደ ግእዝ የተተረጎመው የሄርማስ መጽሐፍም፣ ጾመኛ ሊበላው የነበረውን የምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያስተምራል። ይህን ስሌት የትኛውም መተግበሪያ አይሠራልንም፤ የእኛ የጾመኞቹ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መተግበሪያውን ብትጠቀሙ መልካም ነው። በጾም ቀን ግን እስከ ሰዓቱ ድረስ ዝጉት። ለማብሰል ስትከፍቱትም የሚበላውን ሰው ስትቆጥሩ ከራሳችሁ ላይ አንድ ጨምሩ። ያ አንዱ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ወደ ደጅ ውጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።