ወጣቱ አልተታለለም

በደቡብ ወሎ ስለ ስደት ስብሰባ ሲጠራ ደጋግሞ የሚሰማው ምክንያት አንድ ነው፦ ወጣቱን ደላላ አታለለው፤ ግንዛቤ ጎደለው፤ በሀገሩ ሠርቶ መለወጥ እንደሚችል አላወቀም። ይህ አባባል ስሕተት ነው። ጥፋቱን ሁሉ በተሰዳጁ ላይ ስለሚጥልም ይጎዳል።

የመካነ ሰላም፣ የወግዲ፣ የከላላና የለጋምቦ ልጅ መንገዱን ከሰብሳቢዎቹ በተሻለ ያውቀዋል። የጅቡቲውን የኦቦክ በረሃ፣ የየመንን አጋቾች፣ የሳዑዲን እስር ቤት ደርሰው ከተመለሱት ሰምቷል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባርረዋል፤ ባዶ እጃቸውን ከገቡት ብዙዎቹ ዳግመኛ ሄደዋል። አንዴ የተባረረ ሰው ደግሞ የሚሄደው ምን ሳያውቅ ቀርቶ ነው?

ጉዳዩ መሬቱ ላይ ነው። በ1967ቱ አዋጅ ለአራሹ የተሰጠው ማሳ ለልጅ ለልጅ ልጅ ሲቆራረስ ኖሮ ዛሬ የብዙው ደገኛ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ሆኗል። አዲስ ጎጆ የወጣ ጎረምሳ ከአባቱ ቆርሶ ካላገኘ የሰው መሬት በእኩል ማረስ አለበት፤ ለዚያም በሬ ያስፈልገዋል። የቀን ሥራ ያለው በአረምና በአጨዳ ሰሞን ነው፤ በልጉ ከቀረ እሱም የለም። ቀድሞ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ ይወረድ ነበር፤ ከ2013ቱ የሰሜን ጦርነት ወዲህ ያ መንገድ አስፈሪ ሆነ።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር ብዙ ቤት ከረሃብ አድኗል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን በወር አምስት ቀን እርከን ተሠርቶበት የሚገኝ ስንዴ ጥጃ አያስገዛም። እርዳታውም ባለቤቱ ሌላ ነው፤ በሰኔ 2015 ዓ.ም. አሜሪካ የምግብ እርዳታዋን ስታቋርጥ፣ በ2017 ደግሞ የእርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤድ ሲዘጋ አይተነዋል።

ዓረብ ሀገር ያለች እኅት የምትልከው ብር ግን ለማዳበሪያም ለሕክምናም ይደርሳል። እሱንም «በቆርቆሮ ቤትና በባጃጅ ባከነ» እያልን እንወቅሳለን። ታዲያ በምን ላይ ታውለው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ገበሬ ልሁን ብትል የምትገዛው ማሳ የለም። ከተማ ላይ ቤት መሥራቷ ብልህነት እንጂ ብክነት አይደለም።

መንግሥትስ? በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገር መሄድን አገደ፤ ሰዉ በባሕር ሄደ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰችውን፣ ማለትም ከሁሉ በላይ የተቸገረችውን የገጠር ልጅ፣ ከሕጋዊው በር አስቀራት። በ2015 ደግሞ ለሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ምልመላ ተጀመረ። አትሂዱ ብሎ የሚሰበስብና ሂዱ ብሎ የሚመዘግብ መንግሥት አንድ ነው።

የዞኑና የወረዳ ኃላፊዎች ሆይ፣ የግንዛቤ ስብሰባውን ተዉት። ለምትሄደው ልጅ የሥራ ውሏን በዓረብኛም በአማርኛም አስረዷት፤ ስትበደል የሚደርስላት ሰው በሪያድና በጅዳ ይኑራት። ለቀረው ወጣት የወል መሬትና የመስኖ ውኃ በማኅበር ስጡት። ይህን ሳታደርጉ ደላላውን ብታስሩት ሌላ ደላላ ይተካል።