ዙር ሲበዛ ጉልበት ይበዛል እንዴ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የአንድ ወጣት ነው። እቁብ ወጥቶለታል። ከእጮኛው ጋር ሆነው አሮጌ ፒካፕና ለጽሕፈት ሥራ የሚሆን ያገለገለ ኮምፒውተር ሊገዙ አስበዋል። «ግን ልንጣላ ምንም አልቀረን» ይላል። ደላላው «ይቺ ቤንዚን 6,000 ዙር ትመታለች፣ ያቺ ናፍጣ ከ4,000 አታልፍም» ብሎ ልቡን ሰርቆታል። እሷ ደግሞ «ከመርካቶ ሽሮ ሜዳ ሲሚንቶ ጭነህ ስትወጣ ዙር ምን ያደርግልሃል?» ትለዋለች። በኮምፒውተሩም ያው ነው፤ እሱ ባለ 7,200 ዙር ሃርድ ዲስክ ይላል፣ እሷ በዋጋ ቀለል ያለውን ባለ 5,400። «እስቲ ይዳኙን» ነው የሚለኝ።

ወንድሜ፣ መኪናው ላይ እሷ ትክክል ናት፤ ዲስኩ ላይ አንተ።

ዙር ማለት ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር ነው። የሚያዞርበት ጉልበት ደግሞ ቶርክ ይባላል። ጎሚስታ አልፈታ ያለ ብሎን ሲገጥመው መፍቻው ላይ ቱቦ ይቀጥል የለ? እጀታው በእጥፍ ሲረዝም፣ በዚያው ክንድ ቶርኩ እጥፍ ይሆናል። መፍቻው ግን አልፈጠነም። የሞተር ኃይል የሚገኘው ሁለቱ ሲባዙ ነው። 200 ኒውተን ሜትር በ2,000 ዙር 42 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል፤ 100 ኒውተን ሜትር በ4,000 ዙርም ያንኑ። ልዩነቱ፣ ሁለተኛው ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሶ እየጮኸ መውጣት አለበት። ናፍጣ ቶርኩን ገና በዝቅተኛ ዙር ስለሚሰጥ ጭነት ለሚጭን ሰው ይመቻል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ወረቀት ላይ ከተጻፈለት ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል።

ዲስኩስ? እሱ ሲሚንቶ አይሸከም! ቶርክ በዋናነት የሚያስፈልገው ከቆመበት ሲነሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው መዞር ብቻ። የፈለግከው ፋይል ዞሮ ማንበቢያው ሥር እስኪደርስ ይጠበቃል። ባለ 7,200ው በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ ጥበቃው በአማካይ 4.2 ሚሊሰከንድ ነው። የባለ 5,400ው 5.6። ለአንዴ ኢምንት ነው፣ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን ደንበኛ ያሰለቻል።

ምክሬ ይኸው። ፒካፑን ገንዘብ ሳትከፍል፣ መካኒክ ይዘህ፣ ጭነህ ዳገት ላይ ሞክረው። «ስንት ዙር ትመታለች?» ማለቱን ትተህ «ትልቁ ቶርክ ስንት ነው? በስንት ዙር?» በል። ኮምፒውተሩ ላይ ኪሳችሁ ከፈቀደ ምንም የማይሽከረከረውን ኤስኤስዲ አስገቡበት፤ ያኔ የዙር ጭቅጭቅም ቀረ። እቁቡ የሁለታችሁ ላብ ነው፤ ለደላላ ቁጥር አትገብሩት። ሰርጋችሁን ያሳምርላችሁ!