በክረምት የማትቀልባትን ላም

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከመካከላችሁ ወደ ትንሽ ከተማ ተመድቦ «ምነው በቀረብኝ» ያለ፥ ወይም የተወለደበትን መንደር ሲጠይቁት በአቅራቢያው ያለውን ከተማ ስም የሚጠራ ሰው ቢኖር፥ የዛሬው ጨዋታችን እሱን ይመለከታል። ይህን ስል በሰው ለመሳቅ አይደለም፤ እኔም ያው ነኝ። የተወለድሁት መንዝ ነው። አዲስ አበባ ስማር ግን አገሬን ሲጠይቁኝ «ወደ ደብረ ብርሃን በኩል» እያልሁ አልፍ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለመምህራን የሚሰጥ ሥልጠና አግኝቼ ለአሥር ወር ወደ ስዊስ አገር ሄድሁ። ስዊስ ሲባል በዓይነ ኅሊናዬ የታየኝ የጄኔቭ ጎዳናና የሰዓት መደብር ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ የሚሰጠው ቫሌ በሚባለው ክፍል፥ ቪስፕ በምትባል ከተማ ሆነ። የከተማው የቤት ኪራይም ከአበሌ በላይ ስለ ሆነብኝ፥ ከበላይዋ ባለው ተራራ፥ ተርብል በምትባል መንደር አንዲት ባልቴት ዘንድ አንድ ክፍል ተገኘልኝ።

ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ጠመዝማዛውን መንገድ ጨርሶ ሲያወርደኝ ያየሁት ከፀሐይ ብዛት የጠቆሩ የእንጨት ቤቶችን፥ አንድ ቤተ ክርስቲያንና ገደል ላይ የተንጠለጠለ የሣር መሬት ነው። የነዋሪው ቁጥር 500 ያህል ነው። ከፍታው 1500 ሜትር ገደማ በመሆኑ ከአዲስ አበባ እጅግ ዝቅ ይላል፤ ሆኖም ክረምታቸው በረዶ ነው። ሻንጣዬን እንደ ያዝሁ «ከመንዝ ሸሽቼ ሌላ መንዝ መጣሁ» አልሁ በልቤ።

የመጀመሪያው ወር እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ከመጽሐፍ የተማርሁት ጀርመንኛ ከመንደሩ ሰዎች አነጋገር ጋር አልገጠመም። ሲመሽ መንገዱ ላይ ሰው አይታይም። ሥራዬ የአውቶቡሱን ሰዓት መቁጠር ብቻ ሆነ። ባልቴቲቱ የሚያቀርቡልኝ ጥቁር የአጃ ዳቦ ስለ ደረቀብኝ፥ የከረመ ዳቦ የሰጡኝ በንቀት መስሎኝ ሁለት ቀን አኮረፍሁ። ነገሩን ሲረዱት ሳቁና ነገሩኝ። በቀድሞው ዘመን የመንደሩን የጋራ ምድጃ የሚያነዱት በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ በተራው የጋገረውን ዳቦ አድርቆ ወራት ሙሉ ይበላው ነበር። ስለዚህ ደረቅ ዳቦ ለእሳቸው የንቀት ሳይሆን የቤት ጣዕም ነው።

በማግሥቱ የድሮውን ጎተራ አሳዩኝ። በአጫጭር እግሮች ላይ የቆመ ሲሆን፥ በእግሮቹ ራስ ላይ አይጥ እንዳይወጣ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎበታል። አያቴን አስታወሰኝ። በዚያው ሰሞን የሁለተኛውን አጨዳ ሣር ለማስገባት ሰው አነሰና እኔም ተጠራሁ። ገደሉ ላይ መቆም ራሱ ሥራ ነው። እጄ ውኃ ቋጠረ፥ ወገቤም ተቆረጠ፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ መንደርተኛው ስሜን እያጣመመም ቢሆን በስሜ ይጠራኝ ጀመር። ብቸኝነቴ የለቀቀኝ በንግግር ሳይሆን በሥራ ነው።

አንድ ቀን ማታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ «ይህን ሁሉ ሣር ማከማቸት ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝን ነገር በኋላ በመጽሐፍም አገኘሁት። የተርብል ሰዎች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1483 ተሰብስበው፥ የጋራ የሆነውን የተራራ ግጦሽና ደን እንዴት እንደሚጠቀሙበት በጽሑፍ ተዋዋሉ። በ1517 ደግሞ እንዲህ የሚል ደንብ አኖሩ፦ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም በበጋ ወደ ጋራው ግጦሽ አይሰድም። በበጋ ሣሩ የሁሉ ስለ ሆነ ሁሉም መቶ ላም ቢያሰማራ ደስ ይለው ነበር፤ ነገር ግን መለኪያው በረዶው ወርዶ ላሟ በየራስህ በረት ስትታሰር ያለህ ድርቆሽ ነው። ሮበርት ኔቲንግ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ይህን መንደር አጥንቶ በ1981 መጽሐፍ አሳተመ። በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው ኤሊኖር ኦስትሮምም በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ ተርብልን በምሳሌነት ጠቅሳዋለች።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ቀላል ኑሮ ማለት ዕቃ ማጣት ይመስለኝ ነበር። በዚያች መንደር የተማርሁት ግን የሚበቃውን ማወቅና ማወቅንም በደንብ ማሰር መሆኑን ነው። ድህነትን ለማሞገስ አልተነሣሁም። በ1857 ከቫሌ የተሰደዱ ቤተሰቦች አርጀንቲና ውስጥ ሳን ሆሴን የቆረቆሩት በአገራቸው ኑሮ ስለ ጠበባቸው ነው። ዛሬም ቢሆን ብዙዎቹ በከብት ብቻ አይኖሩም፤ ጧት ወደ ቪስፕ ወርደው በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ሠርተው ማታ ይመለሳሉ። ልኩን የማወቅ ልማድ ግን አብሯቸው ወርዶ አብሯቸው ይወጣል።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። የደመወዝ ቀን የሁላችንም በጋ ነው። እኔ በማስተማር ሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት፥ የሦስት ወር ደመወዜን የሚያህል ስልክ በዱቤ ገዝቼ፥ ከወሩ አጋማሽ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ መጽሐፍ የማነብ መስዬ እቀመጥ ነበር። ላሟን አሰማራኋት፤ ድርቆሽ ግን አልነበረኝም። ተርብል ውስጥ በሁለት ሸሚዝ አሥር ወር ስኖር ማንም ሸሚዜን አልቆጠረብኝም፤ እኔም መቁጠር ተውሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። በዚያው ምሽት ባልቴቲቱ «በእናንተስ አገር ሣሩን ማን ይጠብቀዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የስዊስን ተራሮች ከፍታ በቃሌ እወጣዋለሁ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። አፍሬ ዝም አልሁ።

በማግሥቱ ለአጎቴ ስልክ ደወልሁ። «ጓሳን ረሳኸው?» አለኝ። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። አለቃ ይመረጥለታል፤ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከመሬት አዋጁ ጋር ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሞታል። «አያትህ በወጣትነቱ ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበር። ዝርዝሩን እሱ ነበር የሚያውቀው» አለኝ አጎቴ። አያቴ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። በየዕረፍቱ አጠገቡ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ ይመለከተኝ ነበር፤ አንድ ቀንም ስለ ሣሩ አልጠየቅሁትም።

የገዛ መንደሬን መውደድ የጀመርሁት በሰው አገር መንደር ነው፤ ያውም ዘግይቼ። አሁን ተማሪዎቼ አገሬን ሲጠይቁኝ «መንዝ» ብዬ እመልሳለሁ፤ የዓመቱንም የመጀመሪያ ትምህርት የምጀምረው ከጓሳ ነው። እናንተም ወደፊት ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ፥ ከሽማግሌዎች አንዱን «ሣሩን፥ ውኃውን፥ ደኑን ማን ነበር የሚጠብቀው? እንዴትስ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ሳታሳድሩ በደብተር ጻፉት።