ጀግና ካልን በኋላ ምን ጠየቅን?

ጋሽ ኮሪያ ያረፉ ዕለት ፌስቡክ በሻማ ምስል ተጥለቀለቀ። «ትልቅ ዋርካ ወደቀ»፣ «ሕያው ታሪክ አጣን»፣ «ደብረ ብርሃን ጀግናዋን ቀበረች»። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። በአንዱ ፖስት ዕድሜያቸው 92፣ በሌላው 95፣ በሦስተኛው 99 ነው። አንዱማ ጭራሽ የአንበሳ ጎፈር የደፋ፣ ጋሻ የያዘ አርበኛ ፎቶ ለጥፎ «ነፍስ ይማር አባታችን» ብሏል። ጋሽ ኮሪያ በሕይወታቸው ጎፈር ደፍተው አያውቁም። የዘመቱት የአሜሪካ የብረት ቆብ ደፍተው፣ የአሜሪካ ጠመንጃ ይዘው ነው። ያ ፖስት ከሁሉም በላይ ሼር ተደርጓል።

እኔ ግን ማንንም ለመውቀስ አፍ የለኝም። ቀብራቸው ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የተየብኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከለቅሶው ድንኳን የዕድሩ ሰዎች ጠሩኝና «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሆናችሁ አንድ ገጽ አዘጋጁ» አሉኝ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ኩሽና ውስጥ ተቀመጥን። መጀመሪያ የተወለዱበት ዓመት። መታወቂያቸው ላይ ያለው ልክ እንዳልሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ ልክ የሆነውን ግን የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ ዘመቻው። «በስንተኛው ዙር ነው የሄዱት?» አልኩት የልጅ ልጁን። ዝም ብሎ አየኝ። ልጃቸውን እትዬን ጠራናቸው። ንፍሮ የሚለቀምበትን ሰፌድ እንደያዙ መጡና «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፣ አባዬ'ኮ አያወራም ነበር» አሉ።

ስለዚህ ምን አልኩ? «በኮሪያ ዘመቻ ተሳትፈው ለእናት አገራቸው ክብር በጀግንነት ተዋግተዋል» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ የዕድሩ ሊቀመንበር በድምፅ ማጉያ አነበቡት፤ ሰው አለቀሰ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ለጋሽ ኮሪያም ትሆናለች፣ አብረዋቸው በመርከብ ለተሳፈሩት ሁሉም ትሆናለች። ሰውየው ግን ውስጧ የሉም።

ክርክሬን በአጭሩ ልናገር። «ጀግና» የሚለው ቃል በእኛ ትውልድ አፍ ላይ አክብሮት መሆኑ ቀርቶ መገላገያ ሆኗል። በሥራ ቦታዬ አንድ ችግር ሲመዘገብ ትኬት ይከፈትለታል። ሰነፍ ሰው ችግሩን ሳይመረምር «ተፈትቷል» ብሎ ትኬቱን ይዘጋዋል። «ጀግና» ብለን የምንለጥፈው እንደዚያ ነው። ጀግና ካልነው በኋላ የምንጠይቀው ነገር የለም፤ ትኬቱ ተዘግቷል።

የማውቀውን ላስቀምጥ። ጣሊያን አገራችንን ሲወርር ንጉሡ በ1928 ጄኔቫ ድረስ ሄደው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት አቤት አሉ፤ የደረሰልን አልነበረም። ከ14 ዓመት ገደማ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ለደቡብ ኮሪያ ጦር አዋጡ ሲል ኢትዮጵያ «እሺ» ካሉት አንዷ ሆነች። እኛ ስንጮህ ያልመጣልንን እኛ ለሌላው እንሂድ እንደማለት ነው። ከክብር ዘበኛ ተመርጦ ለተላከው ጦር የተሰጠው ስም ቃኘው ነው፤ የራስ መኮንን የፈረስ ስም። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ፑሳን ወረደ፣ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋርም ተሰለፈ። ሻለቆቹ ተራ በተራ እየተተካኩ ተዋጉ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩስ አቁሙ ሲፈረም ከ120 በላይ ሰው ሞቶብን፣ ከ500 በላይ ቆስሎብን ነበር። አንድም ሰው አልተማረከብንም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት አንብቤ ነው። ከእኛ ቤት በአንድ የቆርቆሮ አጥር የሚለዩት ሰውዬ ግን እዚያ ነበሩ። 20 ዓመት ሙሉ በዚያ አጥር ስር አልፌያለሁ።

«ሽማግሌዎቹ'ኮ ራሳቸው ማውራት አይፈልጉም» የሚል መልስ ይመጣል። እሺ፣ ለምን እንደማይፈልጉ እንይ። ከኮሪያ ተመልሰው ጥቂት ዓመታት እንደቆዩ የታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጣ። የመራው የክብር ዘበኛ አዛዥ ተሰቀለ፤ የክብር ዘበኛ ሰው መሆን ራሱ ማስጠርጠር ጀመረ። ጋሽ ኮሪያ ከዚያ በኋላ ነው ደብረ ብርሃን ገብተው ኋላ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ዘበኛ የሆኑት። ትንሽ ቆይቶ ደርግ መጣ፤ የደርግ ወዳጅ ደግሞ ሰሜን ኮሪያ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያዎች እገዛ ነው የቆመው። እስቲ አስቡት፤ ሰሜን ኮሪያን የወጋ ሰው በዚያ ዘመን ሜዳሊያ ደረቱ ላይ አድርጎ ገበያ ይወጣል? እትዬ ሜዳሊያውን ያገኙት አባታቸው ካረፉ በኋላ፣ ከቁም ሣጥኑ ግርጌ በአሮጌ ሻሽ ተጠቅልሎ ነው። ሰውየው ዝም ያሉት ስለማይፈልጉ አይደለም። ዝም በሉ ስለተባሉ ነው። ከዚያ «አሁን ማውራት ትችላላችሁ» ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ደግሞስ የጠየቅነው ምን ነበር? ልጆች ሆነን በአጥሩ ቀዳዳ «አባባ ኮሪያ፣ ስንት ሰው ገደሉ?» እያልን እንሮጥ ነበር። ከዘራቸውን ያነሱብናል። ትልልቆቹም የሚጠይቁት ያንኑ ነው፤ ቃሉን ብቻ አሳምረው «እስቲ ስለ ጀብዱዎ ያጫውቱን» ይላሉ። ከ70 ዓመት በኋላ ስለገደለው ሰው ለእንግዳ ማጫወት የሚፈልግ ማን ነው?

እኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአጋጣሚ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቄያለሁ። የጥር ወር ነበር፤ ውርጭ ነበር፤ ለገና በዓል ቤት መጥቼ ሳልመለስ ቆይቼ ነው። «ጋሼ፣ ኮሪያም እንዲህ ይበርዳል እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁ። «ይሄ ብርድ ነው? እዚያ'ኮ ውሃችን ኮዳው ውስጥ ድንጋይ ይሆን ነበር» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ። 11 ደቂቃ አወሩ። ከ11ዱ ደቂቃ ውስጥ ስለ ተኩስ የተናገሩት አንድም ቃል የለም። ያወሩኝ ስለ አንድ ልጅ ነው። ወላጅ የሌለው፣ ከድንኳናቸው የማይጠፋ ልጅ። ጓደኛቸው ጫማ ሰፍቶለት ነበር። ስሙንም ነገሩኝ። ያኔ እናቴ ለቡና ጠራችኝ፤ «ነገ እንጨርሳለን ጋሼ» አልኳቸው። በነጋታው ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

ያ ቅጂ ዛሬ የለም። ስልክ ስቀይር አብሮ ጠፋ። የልጁንም ስም ረስቻለሁ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰርቨር እጠብቃለሁ። በእኛ ሙያ የታወቀ ሕግ አለ፤ አስፈላጊ መረጃ ሦስት ቅጂ ይኑረው፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ ይሁን። በዚህ ሕግ መሠረት ሰዎች ባለፈው ማክሰኞ ምን ዓይነት ፒዛ እንዳዘዙ በየሌሊቱ ባክአፕ አደርጋለሁ። ይህ ቢጠፋብኝ ከሥራ እባረራለሁ። ቃኘው ውስጥ ጫማ የተሰፋለት ልጅ ስም ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው፤ የዘጠና ዓመት ሰው ጭንቅላት ውስጥ። ሁለተኛውን ቅጂ ሰጡኝ፤ ጣልኩት። የከሰሰኝ የለም፤ እንዲያውም ቀብሩ ላይ «ጥሩ ጽፈሃል» ተባልኩ።

ሁለተኛው መልስ «ታሪኩ'ኮ ተጽፏል» የሚል ነው። አዎ ተጽፏል። ቃኘውን ተከታትሎ ገና በ1946 ገደማ መጽሐፍ ያወጣው ኪሞን ስኮርዲሊስ የሚባል የግሪክ ጋዜጠኛ ነው። ስለ ኢትዮጵያውያኑ የሌሊት ቅኝት በዝርዝር የጻፈው ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ ነው፤ «ፖርክ ቾፕ ሂል» በሚለው መጽሐፉ። ቹንቾን የምትባል የደቡብ ኮሪያ ከተማ በ1960 ሐውልት አቁማልናለች፤ በኋላም የመታሰቢያ አዳራሽ ሠርታለች። እግዜር ይስጣቸው። ግን የሌላ አገር ሰው የሚጽፈው የሚመለከተውን ነው፤ ጦርነቱን፣ ኮረብታውን፣ ቁጥሩን። ጋሽ ኮሪያ ከዘመቻው ተመልሰው 70 ዓመት ኖረዋል። በእነዚያ 70 ዓመታት ውስጥ ማንን ፈሩ? ሜዳሊያውን በየትኛው ሌሊት ጠቀለሉት? ፋብሪካው በር ላይ ቆመው የሰሜን ኮሪያ ልዑካን በሬዲዮ ሲወደሱ ምን አሉ? ይህን ግሪካዊው አይጽፍልንም። ይህ የእኛ ነበር።

ሦስተኛው መልስ «ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው» ነው። ጡረታው የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሕክምናው የመንግሥት ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ የሚጮህ ካለ አብሬ እጮኻለሁ። ግን ጎረቤትን «ምን ትበሉ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስፈልግ በጀት የለም። መንግሥት እስኪመጣ የጠበቅነው ስለምናምነው አይደለም፤ ጥያቄውን ወደ ሌላ ሰው ለመግፋት ስለሚመቸን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አናዶኛል። በሻማው ፖስት ስር፣ ሰውየው ገና ሳይቀበሩ፣ የኮሜንት ጦርነት ተከፈተ። «የእኛ ጀግና ናቸው»፣ «የለም የእኛ ናቸው»፣ «እናንተ ምን ታሪክ አላችሁ»። በሕይወት እያሉ በራቸውን አንኳኩቶ ውሃ ቀድቶ የማያውቅ ሁሉ ሬሳቸውን ጥይት አድርጎ ይተኩሳል። ሽማግሌን ስንፈልግ ለክርክር ነው የምንፈልገው። የሞተ ሽማግሌ ደግሞ ለክርክር ይመቻል፤ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» አይልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ዕድር አለን አይደል? ዕድራችን ማንም ሳይሞት በፊት ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ሞት እንደሚመጣ ስለሚያውቅ። የሕይወት ታሪኩን ብቻ ለምን በሞቱ ሌሊት ለአንድ ኮምፒውተር ቻይ ይተዋል? 70 ዓመት የሞላውን አባል ሁሉ አንድ ወጣት፣ አንድ ስልክ ይዞ፣ በሕይወት እያለ ይጠይቀው። ሰውየው ራሱ ያድምጠው፤ «ይሄ ልክ አይደለም» ይበል። ቅጂው አንድ ለቤተሰብ፣ አንድ ለዕድሩ፣ አንድ ከከተማው ውጭ ላለ ዘመድ ይሰጥ። የሚያስወጣው ከአንድ ብርጭቆ ማኪያቶ አይበልጥም። «ስንት ገደልክ» የሚለውን ተዉት። ምን በላህ፣ የት ተኛህ፣ ደብዳቤህን ማን ጻፈልህ፣ ስትመለስ ማን ተቀበለህ፣ ይህን ጠይቁ።

«ከመጨረሻዎቹ አንዱ» የሚለውን ሐረግም ደጋግመን አንበለው። መጨረሻ የሚሆነው ሰው ዛሬ ከመካከል ነው ያለው። በ1969 ሶማሊያ ስትወር ከታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥነው የዘመቱት ሚሊሻዎች ገና በመካከላችን አሉ። ከ30 ዓመት በኋላ የአንዳቸውን ፎቶ በሻማ ከበን «የመጨረሻው» ልንል ነው። ያኔ ይህን የሚለጥፈው ልጅ ዛሬ በአጠገባቸው እያለፈ ነው።

አጎቴ አንዱ ናቸው። 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሁድ ሄድኩ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «አጎቴ፣ እዚያ ምን ትበሉ ነበር?» አልኳቸው። መጀመሪያ ተጠራጥረው አዩኝ። ከዚያ «ኮቾሮ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ጥርስ ስለሚሰብረው ኮቾሮ ጀመሩ። ሁለት ሰዓት ከሩብ አወሩ። መሃል ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ፤ እሱም ተቀድቷል።

ማታውኑ ሦስት ቦታ አስቀመጥኩት። በሚቀጥለው እሁድ እቀጥላለሁ፤ ቡና ብጠራም አልነሳም።